የሰንበቴ ቤቱ በር ይከፈት፦ ለሰበካ ጉባኤ፣ ለሰንበቴ ሙሴዎችና ለምዕመናን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ፣
ለየሰንበቴው ሙሴዎች (የማኅበሩ መሪዎች)፣
እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ለምንቋደስ ማኅበርተኞች ሁሉ፣
ሐዋሳ

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አባቶቼ፣ ቡራኬያችሁ ይድረሰኝ።

ነገሬን ሳላንዛዛ ልናገር። እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲወጣ የሰንበቴ ቤታችን በር ይዘጋል። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ደጃፉ ላይ ይቆማል። እኛ አባላት ውስጥ ገብተን እንቀመጣለን። ነዳያን ውጭ፣ ግንቡ ሥር ይጠብቃሉ። እኛ በልተን ጠጥተን ስንጨርስ የተረፈው በባልዲ ይወጣላቸዋል። ይህ ይቅር ብዬ ነው የምጽፈው። በሩ ይከፈት። ነዳያን ይግቡ። ከእኛ ጋር ይቀመጡ። ከአንድ ድስት የወጣውን አብረን እንብላ። ጥያቄዬ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

የአጥቢያውን ስም አልጻፍኩም። የማንንም ስም ማጥፋት አልፈልግም። ደግሞም በሌላ አጥቢያ ለሚያስቀድሱ ወዳጆቼ ነገሩን ሳነሳላቸው «የእኛን ሰንበቴ ነው እንዴ የምትዪው?» ይሉኛል። ስለዚህ የሚመለከተው ሁሉ ለራሱ እንደተጻፈ አድርጎ ያንብበው።

ሰንበቴ ምን እንደሆነ ለእናንተ ላስረዳ ብል ድፍረት ይሆንብኛል። ግን ደብዳቤው ግልጽ ነውና ለወጣቶቹ ትንሽ ልበል። የጽዋ ማኅበር በየወሩ በአባላት ቤት ይዞራል፤ የሚካኤል በ12፣ የገብርኤል በ19፣ የማርያም በ21 እያለ። ሰንበቴ ግን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ፣ በሰንበት፣ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ተራው የደረሰው አባል እንጀራውን፣ ዳቦውን፣ ጠላውን፣ ቆሎውን ይዞ ይመጣል። ካህኑ ይባርካሉ። ከሌሊት ጀምሮ ቆሞ ያስቀደሰው፣ ከሩቅ በእግሩ የመጣው፣ እንግዳው፣ የሚበላው የሌለው፣ ሁሉም ይቋደሳል። ወላጆቻችን እንደሚነግሩን ድሃው ለሰንበቴ ባዳ አልነበረም። እንዲያውም ሳይጠራ የመጣውን «ማን እንደሆነ ምን ይታወቃል» ብለው ጥሩ ቦታ ይለቁለት ነበር። ጌታ በድሃ ተመስሎ ይመጣል የሚለውን እንደ ተረት አልያዙትም።

አሁን ያለውን ልንገራችሁ። ውስጥ ስለምትሆኑ ላታዩት ትችላላችሁ። በአንዱ እሁድ ልጄን ልጠራ ቀደም ብዬ ወጣሁና ባልዲው ሲታደል ቆሜ አየሁ። ድሮ ቀለም የነበረበት ነጭ ባልዲ ነው። ምስር ወጡ፣ አልጫው፣ ጎመኑ፣ የተገመሰ ዳቦው፣ ፍርፋሪ እንጀራው፣ ሁሉም ተደበላልቋል። አንድ ጎረምሳ በጭልፋ እየዛቀ በየፌስታሉ ይገለብጣል። ፌስታል የሌለው በጣሳ፣ ጣሳ የሌለው በነጠላው ጫፍ ይቀበላል። «ተሰለፉ! ተሰለፉ እንጂ!» ይላል ልጁ። አንዲት እናት ድርሻቸውን ይዘው ወደ ግንቡ ጥግ ሄዱና ተቀመጡ። ፌስታሉን ፈቱት። ከመጉረሳቸው በፊት በሁለት ጣታቸው አንድ ነገር መዘው አወጡና መሬት ላይ አስቀመጡት። ስቴኪኒ ነው። ከእኛ አንዱ ጥርሱን የጎረጎረበት ስቴኪኒ። ከዚያ አማተቡና በሉ። በልተው ሲጨርሱም ወደ ሰንበቴ ቤቱ በር ዞረው መረቁን። «ያክብርልኝ፤ የሙታኖቻችሁን ነፍስ ይማር» አሉ።

ጎረምሳውን አልወቅስም። በማለዳ መጥቶ ወንበር የሚደረድር፣ ሁላችንም ስንሄድ ቀርቶ ዕቃ የሚያጥብ ልጅ ነው። ዘበኛውንም አልወቅስም። በሩን ዝጋ ያለው ሌላ ነው። አንድ ጊዜ ጠይቄው «እኔማ የታዘዝኩትን ነው፤ እነሱም እኮ የአገሬ ልጆች ናቸው» አለኝ። ከእሱ ጋር ከአንድ ወረዳ የመጡ ሰዎች ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ከፍትፍቱ ፊቱ ይላል አገራችን። እኛ ፍትፍቱን ሰጥተን ፊታችንን ከለከልን። ፍትፍቱም ቢሆን የተረፈ ነው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 11 ላይ የተቆጣው በዚሁ ጉዳይ ነው። በጌታ ስም ይሰበሰባሉ። ምግብ አለ። ያለው ቀድሞ የራሱን ይበላል፤ የሌለው ቁጭ ብሎ ያያል። አንዱ ይራባል፣ አንዱ ይሰክራል። ጳውሎስ ታዲያ ምን አላቸው? ለመብላትና ለመጠጣትማ ቤት የላችሁም ወይ፣ ወይስ የሌላቸውን ልታሳፍሩ ነው የመጣችሁት አላቸው። ይህን ክፍል ስለ ሥጋ ወደሙ ስንማር ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። ሳይገባው የበላና የጠጣ ፍርድ አለበት የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። ከእሱ በላይ ያለውን፣ ስለ ተራበው ሰው የተጻፈውን ግን ቶሎ እናልፈዋለን። ጳውሎስ የተነሳበት ግን እሱ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ጠግቦ አንዱ ተርቦ መውጣቱ ነው ያስቆጣው።

ሁለተኛው ደግሞ የዲያቆናት ነገር ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት በማዕድ ምክንያት ነው። በየቀኑ ምግብ ሲታደል የአንዱ ወገን መበለቶች ተዘነጉ፤ ሕዝቡ አጉረመረመ። ሐዋርያት ይህን ጥቃቅን ነገር ነው ብለው አላለፉትም። በመልካም የተመሰከረላቸው፣ መንፈስ ቅዱስና ጥበብ የሞላባቸው ሰባት ሰዎች ምረጡ አሉ። ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ የመጀመሪያው ሰማዕት ከመሆኑ በፊት የተመረጠው ለመበለቶች ማዕድ ነው። እኛ ጋ ግን ዲያቆናቱ ከአባቶች ጋር ቀድመው ይቀመጣሉ፤ መበለቶቹ ባልዲ ይጠብቃሉ። ዲያቆናቱን ለመውቀስ አይደለም። ብዙዎቹ ራሳቸው ትናንት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ቁራሽ ለምነው የተማሩ ልጆች ናቸው። የደጅ ጥናትን ከእኛ በላይ ያውቁታል። ብናዛቸው ደስ ብሏቸው የሚያስተናግዱ ይመስለኛል። አላዘዝናቸውም።

ቆይ ግን፣ በሩ እንዴት ተዘጋ? ማንም ክፉ ሰው ተነስቶ «ድሆች አይግቡ» አላለም። እኔ እንደማየው በሩን የዘጋው ድግሱ ነው።

ሰንበቴ ዳቦና ጠላ በነበረበት ጊዜ ሃምሳ ሰው ቢጨመር ዳቦው ቀጠን ተደርጎ ይቆረሳል። አሁን ተረኛው የሚያመጣው ሌላ ነው። በፍስክ ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ ጥብስ፣ አይብ፣ ሳላድ፣ ለስላሳ በሳጥን፣ ውሃ በካርቶን። በጾም ደግሞ ከአሥር ዓይነት በላይ በያይነቱ፣ ከሐይቁ ዳር የመጣ የዓሣ ጉላሽ ሳይቀር። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ዛሬ አልነካካም፤ እሱ ሌላ ጦርነት ነው።) አንዱ አባል ይህን ሲያቀርብ የቀጣዩ ተረኛ ከሱ ላለማነስ ይጨምራል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ይጨምራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰንበቴው ሠርግ ሆነ። ሠርግ ደግሞ ጥሪ ይፈልጋል። ያልተጠራ አይገባም።

መጀመሪያ የወጡት ነዳያን አይደሉም። መጀመሪያ የወጡት አቅም ያጠራቸው አባላት ናቸው። ተራው ሲደርስ ተበድሮ የደገሰ አውቃለሁ። ዕቁቡን ቀድሞ ለምኖ ወስዶ ለሰንበቴ ያዋለ አውቃለሁ። ጡረታቸው ለጤፍ እንኳ የማይበቃ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሽ እያልን የምንጠራቸው። ለዓመታት አብረውን የተቋደሱ ሰው ናቸው። ተራቸው ሊደርስ ሲል መምጣት አቆሙ። ታመው እንደሆነ ብለን ጠየቅን። አልታመሙም። ቅዳሴውን ጨርሰው በሌላኛው በር ነበር የሚወጡት። ማንም «ጋሽ፣ ዳቦ ብቻ ይዘው ይምጡ፤ በቂያችን ነው» አላላቸውም። እንዲህ ለማለት መጀመሪያ ራሳችን ዳቦ ብቻ ይዘን መምጣት ነበረብን።

ስለዚህ ትሕትናና ርኅራኄ ለእኔ ሁለት ጉዳይ አይደሉም። ሳህናችንን ዝቅ ካላደረግን በሩ አይከፈትም። ለመቶ ሰው ዶሮ ወጥ ማቅረብ አይቻልም፤ ሽሮና ምስር ግን ይቻላል። ጤፍ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ለአሥራ አምስት ዓይነት ወጥ የምናወጣውን ብር በሁለት ዓይነት ወጥ ብናደርገው ደጅ ያለውን ሁሉ ያጠግባል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታ ራሱ ግብዣ ስታደርጉ መልሶ የሚጋብዛችሁን ሳይሆን ብድር መመለስ የማይችለውን ጥሩ ብሎናል። እኛ ግን ተራ በተራ እየተገባበዝን ጽድቅ እንቆጥራለን። ዛሬ እኔ አበላሁህ፣ በሚቀጥለው አንተ ታበላኛለህ። ይሄማ ዕቁብ ነው።

በዕድራችን ያለውን ደግሞ ተመልከቱ። በሰፈራችን ዕድር ውስጥ ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ሙስሊሙም አለ። ሐዘን ቤት ድንኳን ሲተከል ማንም ማንንም ከበር አይመልስም። የኔ ቢጤው ገብቶ ይቀመጣል። ንፍሮው ይቀርብለታል፣ እንጀራው ይቀርብለታል፣ «ብላ እንጂ» ይባላል። የዕድር ዳኛው ማን እንደሆነ አይጠይቀውም። አንዲት የሲዳማ ተወላጅ ጎረቤቴ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ሌላ ነው፣ ሐዘን ሲኖር ቆጮዋን ጋግራ ይዛ ትመጣና ከሁሉ በፊት የምታቀርበው በር ላይ ላሉት ነው። አንድ ቀን «ለምን ከእነሱ ትጀምሪያለሽ?» ስላት «እነሱ ቁርስ አልበሉማ» አለችኝ። የሰፈር ዕድር ያለ ስብከት የሚያደርገውን የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ማድረግ እንዴት ያቅተዋል?

የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። በሙሴዎቹ ፊት አንስቼው መልሱን ሰምቻለሁ።

«ከገቡ ይበዛሉ» ይባላል። አዎ፣ ይበዙ ይሆናል። የሚበዙት ግን የእኛ ሽሮ ጠርቷቸው አይደለም፤ ድሮም አሉ። በየመንገዱ፣ በመናኸሪያው፣ በፒያሳ አስፋልት ዳር እናያቸዋለን።

«ሥርዓት ይበላሻል፤ ጠጥቶ የሚመጣ፣ ማስቲሽ የሚስብ ልጅ አለ» ይባላል። ይህ እውነት ነው። ሥርዓት ያስፈልጋል። ግን ሥርዓቱ ለሁላችንም እኩል ይሁን። ጠጥቶ የመጣ ዛሬ አይቀመጥም፣ ድርሻው በንጹህ ዕቃ ይሰጠዋል፣ በሚቀጥለው ይምጣ። እንግዲህ ይህ ሕግ ከወጣ ጠላ የሚያበዙ አንዳንድ አባሎቻችንንም ይመለከታል፤ እዚያ ላይ እንተዛዘባለን።

«ይሸታሉ» ያለም አለ። ማን እንዳለው አልናገርም። ለዚህ ያለኝ መልስ ውሃና ሳሙና ነው። በግቢያችን ቧንቧ አለ። ሁላችንም እጃችንን የምንታጠበው እዚያ ነው። እነሱም ይታጠቡበታል። አንዳንዱም የሚሸተው ሌላ ቅያሪ ስለሌለው በዝናብ የራሰውን ልብስ ለብሶ ስለሚውል ነው።

«ኦርቶዶክስ ያልሆነም ይገባል» ይባላል። ይግባ። ወደ ቅዱስ ቁርባን አልጠራነውም። ወደ ሽሮ ነው የጠራነው። የተራበ ሰው ሲመጣ ክርስትና ስምህ ማነው ብለን የምንጠይቅ ከሆነ ደጋጎቹ አባቶቻችን ምን ይሉናል? የበላዔ ሰብእን ታሪክ በየካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስንሰማ እንባችን ይመጣል። ያን ሁሉ ሰው የበላ ሰው ያዳነው አንድ እፍኝ ውሃ ነው። ለማን ሰጠው? ሰው ለሚጸየፈው፣ በለምጽ ለተመታ፣ ለተጠማ ሰው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሩ የተዘጋው በለማኙ ላይ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር ብዙ ልጃገረዶች ወደ ከተማችን መጡ። አንድ ክፍል ተዳብለው ይኖራሉ። ከደሞዛቸው ላይ ቆጥበው ለቤተሰብ ይልካሉ። በ2014 ዓ.ም. አገራችን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ከማስገባት ዕድል፣ ተጠቃሚነት ስትወጣ ደግሞ ሥራ ያጡ ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ልጆች እሁድ የሚያስቀድሱ አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ይቆማሉ። አይለምኑም። የሰው ፊት እሳት ነው። ከሌሊት ጀምሮ ቆመው፣ ሳይበሉ፣ የሰንበቴውን ወጥ ሽታ እያሸተቱ በበራችን በኩል አልፈው ወደ ባጃጅ ተራው ይሄዳሉ። ባጃጅ ተራው ድረስ ብቻ፤ አብዛኞቹ ከዚያ ወዲያም በእግራቸው ነው። የሰንበቴ አባል እንዳይሆኑ ተረኝነቱን አይችሉትም። በሩ ቢከፈት እነዚህም «ነዳይ» ሳይባሉ እህት ሆነው ይገባሉ። አንድ ላይ መቀመጥ አንዱ ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ማን ቸግሮት ማን ሳይቸግረው እንደገባ አይታወቅም።

ሐዋሳ ለእንግዳ አዲስ አይደለችም። ከተማዋ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስትቆረቆር ጡረታ የወጡ ወታደሮች ከየአገሩ መጥተው ከሲዳማው ባለአገር ጋር ጎረቤት የሆኑባት ናት። ከዚያ ወዲህም ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ተማሪው፣ ዓሣ አጥማጁ ከየአቅጣጫው መጥቷል። አብዛኞቻችን ወይ እኛ ወይ ወላጆቻችን አንድ ቀን መናኸሪያ ወርደን የሰው ቤት ያደርን ነን። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ክብረ በዓል ሲደርስ ደግሞ ይህች ከተማ ምን እንደምትሆን ታውቁታላችሁ። ሆቴሉ ይሞላል። የማያውቁትን ምዕመን ሳሎናቸው ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው የሚያሳድሩ አሉ። በሐምሌ ዝናብ የበሰበሰ እንግዳ ካልሲ ከምድጃ ዳር የሚያደርቁ እናቶች አሉ። ከንግሥ በኋላ በየሰፈሩ ጸበል ጸዲቅ ይቆረሳል፤ መንገደኛ እጁ ተይዞ ይገባል። ስለዚህ አናውቅበትም ማለት አንችልም። እናውቅበታለን። በዓመት ሁለቴ የምናውቀውን እሁድ እሁድ እናድርገው ነው የምለው።

ሳይታወቅ የሚሠራም ሞልቷል። ሪፈራል ሆስፒታል ከሩቅ አገር ሕመምተኛ ይዘው የሚመጡ አስታማሚዎች አሉ። በረንዳ ላይ ያድራሉ፤ ለመድኃኒት ያመጡት ብር ሲያልቅ ሳይበሉ ይውላሉ። የሰፈራችን ሁለት ሴቶች በፔርሙስ አጥሚት እየያዙ ወደ ወላዶቹ ክፍል ይሄዳሉ። ከሥራ በፊት፣ ገና ሳይነጋጋ። ስማቸውን ብጽፍ ይቀየሙኛል፤ ስለዚህ አልጽፍም። አንዷ እንዲያውም የሰንበቴ አባል አይደለችም። ለምን ብዬ ስጠይቃት «እኔ ያን ሁሉ ድግስ ከየት አመጣለሁ» ነው ያለችኝ።

ስለ ማይክራፎኑም ሳልጠቅስ አላልፍ። «አቶ እገሌ ከነቤተሰባቸው ይህን ያህል ሺህ ብር፣ እልል በሉላቸው!» የሚለው ነገር ይብቃን። ገንዘቡ ለሕንፃው እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። የሰጠ ሰው ደረሰኝ ይሰጠው፣ ሒሳቡም በየጊዜው ለምዕመናን ይነገር፤ ይህ ግዴታችሁ ነው። እልልታው ግን ምን ይሠራል? ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት ዛሬ ብትመጣ ማይክራፎኑ የሚጠራት አይመስለኝም።

ከማይክራፎን የባሰው ስልክ ነው። አሁን አሁን ለነዳያን ሲታደል የሚቀርጽ ሰው አይጠፋም። ሲያጎርስ ቪዲዮ፣ ልብስ ሲሰጥ ቪዲዮ፣ ከበስተጀርባው መዝሙር። ማታ ቲክቶክ ላይ ይለቀቃል። የጎረሰችው እናት ፊት ወለል ብሎ ይታያል። አገር ቤት ያሉ ልጆቿ ምን ሥራ እንደምትሠራ አያውቁ ይሆናል። ከተማ ገብቼ ሥራ ይዣለሁ ብላቸው ይሆናል። በአንድ እንጀራ ሚስጥሯን ገዛናት። ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ የተባለው ሰው ግማሹን ከተማ አሳወቀ። በሰንበቴ ቤቱ ስልክ ኪስ ይግባ፤ ቢያንስ እስኪበላ።

በጸሎተ ሐሙስ አባቶቻችን ውሃውን አቅርበው፣ የወይራና የወይን ቅጠሉን ይዘው፣ ጎንበስ ብለው እግራችንን ያጥቡናል። ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ስሜት ሌላ ነው። ሰልፉ ላይ ግን የምንቆመው ንጹህ ካልሲ አድርገን፣ ቤታችን እግራችንን ታጥበን የመጣነው ነን። በሚቀጥለው ጸሎተ ሐሙስ ከደጁ የተወሰኑትን ቀድመን ብናሰልፍ ብዬ ለአባቶች አቀርባለሁ። የሚወስኑት እናንተ ናችሁ፤ እኔ ሐሳቤን ብቻ ነው።

ለሰበካ ጉባኤው የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቃለ ዓዋዲው፣ የቤተ ክርስቲያናችን የአስተዳደር ደንብ፣ በ1965 ዓ.ም. ሲወጣ አጥቢያን ካህናቱ፣ ምዕመናኑና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች አብረው እንዲመሩት አድርጓል። ይህ ጉዳይ ደግሞ ሦስቱንም ይፈልጋል። ካህናቱ ይባርኩ፣ ያስተምሩ። ሙሴዎቹ የድግሱን ልክ ይወስኑ። ወጣቶቹ ያስተናግዱ። አንዱ ወገን ብቻውን ቢጀምረው በወሩ ይቆማል። ጥሩ ጥሩ ነገር በየአጥቢያው ተጀምሮ እንዴት እንደሚቀር አይተናል።

አጀማመሩ ላይ እንዲህ ብናደርግ ብዬ አስባለሁ። በጾም እንጀምር። በጾም ምግቡ ቀላል ነው፤ ፉክክሩም ትንሽ ይበርዳል። ተረኛው ከሁለት ዓይነት ወጥ በላይ እንዳያመጣ ሙሴዎቹ ይከልክሉ። መከልከሉ ለተረኛውም እፎይታ ነው፤ በሆዱ የሚያመሰግናችሁ ብዙ ነው። ነዳያንን በጅምላ «ግቡ!» ብለን አንጥራቸው፤ ግርግር ይሆናል፣ እነሱም ያፍራሉ። እያንዳንዱ አባል ከቅዳሴ ሲወጣ አንድ ሰው ጠርቶ ይዞ ይግባ። «እማማ፣ ይምጡ አብረን እንቅመስ» ብሎ። አጠገቡ ያስቀምጥ። ስማቸውን ይጠይቅ። አመጋገቡ ላይ አንድ ልዩነት እንዳይኖር አደራ፤ ለእኛ የሸክላ ሳህን ለእነሱ የፕላስቲክ እንዳይሆን። በትሪ ቢሆን እንዲያውም ይሻላል፤ አንድ ትሪ ላይ አራት አምስት ሆነን። መጉረስ መጎራረሱ ራሱ ይመጣል። ዘበኛው ደግሞ ዱላውን ትቶ ለሽማግሌዎችና ማየት ለተሳናቸው ቦታ የሚያሳይ ይሁን። ከማንኛችንም በተሻለ በስም ያውቃቸዋል።

መራመድ የማይችሉ አሉ። በር ድረስ በሰው ትከሻ የሚመጡ፣ ጋሪ ላይ ያሉ። የሰንበቴ ቤቱ መግቢያ ሦስት ደረጃ አለው። በደረጃው ጎን ለጋሪ የሚሆን ተዳፋት መሥራት ሲሚንቶና አሸዋ ካለ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከአባሎቻችን መካከል ግንበኛ ሞልቷል።

ባልዲው ግን ከዚህ እሁድ ጀምሮ ይቅር። በሩ እስኪከፈት ብትቸገሩ እንኳ፣ ማዕዱ ሳይነካ ለነዳያን የሚሆነው ቀድሞ ይውጣ። ከድስቱ፣ ከትኩሱ። የተረፈው ለእኛ ይሁን።

የእኔ የሰንበቴ ተራ የሚውለው በጾም ውስጥ ነው። ሽሮና ምስር ነው የማመጣው፤ ድፎ ዳቦም እጨምራለሁ። ከአሁኑ ተናግሬያለሁና ያን ዕለት ቀጭን ድግስ ነው ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ። በዚያ እሁድ በሩ ሳይዘጋ እንዲውል ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። ትሪና ብርጭቆ ከዕድራችን እዋሳለሁ፤ ዳኛውን አናግሬአቸው እሺ ብለዋል። ወንበር ካነሰ ሰሌን ይነጠፋል። እንጀራው እንዳያንስ ከጎረቤቶቼ ሦስቱ ምጣዳቸውን ሊያውሱኝና ሊያግዙኝ ቃል ገብተዋል። የሚያስተናግዱ ወጣቶች የሰንበት ትምህርት ቤቱ ይመድብልኝ።

ጉዳዩን በቀጣዩ የጉባኤ ስብሰባችሁ አጀንዳ አድርጋችሁ እንድትይዙት፣ መልሱንም ከቅዳሴ በኋላ በማስታወቂያ እንድትነግሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማይክራፎኑ ለዚህ ቢውል ቅር አይለኝም።

እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ከአጥቢያው ምዕመናንና ከሰንበቴው አባላት አንዷ
ሐዋሳ